ዜሮ የተጻፈባት ጠርሙስ

ሲሃምን መጀመሪያ ያየኋት ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ፣ የመስኖ ኩሬያችን ዳር ቁጢጥ ብላ፣ ውሃውን በሐኪም ስሪንጅ ስትስብ ነው። ስባ ስባ፣ በትንሽ ክብ ወረቀት ውስጥ አድርጋ መልሳ ትገፋዋለች። እኔ እስከዚያ ቀን ላም ስትወጋ አይቻለሁ፣ ሕፃን ሲከተብ አይቻለሁ... ውሃ ሲመረመር ግን አይቼ አላውቅም።

ስሜ ረድዋን ነው። ሸዋሮቢት ገብታችሁ «ረድዋን ነገረኝ» ብትሉ፣ «እውነቱንስ ማን ነገራችሁ?» ይሏችኋል። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት አስተማሪዎቹ ስለደከማቸው ነው። አንዴ ከደብረ ሲና ለመጣ ነጋዴ፣ በእኛ አገር ሙቀት ዶሮ የተቀቀለ እንቁላል ትጥላለች ብዬው፣ ብርዱ ላይ ይጠቅሙኛል ብሎ ሁለት ዶሮ ይዞ ወጥቷል። እስካሁን እየፈለገኝ ነው።

ሥራዬ ለጋሽ ሷሊሕ እግር መሆን ነው። ጋሽ ሷሊሕ የውሃችን አባት ናቸው፤ የማን ሽንኩርት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኔ ሄጄ ቦዩን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስምንት ነው፤ ያ ክፉ የድርቅ ዓመት። ያ ኩሬ ከደረቀ ወይ ከተበላሸ የስልሳ አባወራ ሽንኩርት ያበቃለታል። ስለዚህ እንግዳ ሰው ኩሬው ዳር ሲቀመጥ ማባረር የእኔ ፈንታ ነበር።

«እህት፣ ከዚያ ራቂ» አልኳት። «ዘንዶ አለ።»

ቀና እንኳ አላለችም። «ስንት ክንድ ይሆናል?»

ይሄን አልጠበቅሁም። ሰው ዘንዶ ሲባል ይሮጣል እንጂ ልኩን አይጠይቅም።

«አሥራ ሁለት። ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችንን አህያ ከነጭነቷ ዋጣት። ወላሂ።»

«ከነጭነቷ?»

«ሽንኩርት ነበር የጫነችው። ዘንዶው ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኑ ሲያለቅስ ከረመ።»

እዚያ ላይ ሳቀች። ቀና ስትል ዓይኗን አየሁት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በዚያ ዓይን ላይ አላክኩ።

«ጥሩ ነው» አለች። «ዘንዶ ካለ ውሃው ራሱ ይነግረኛል።»

«ውሃ ይናገራል?»

«ውሃ ውስጥ የኖረ ሁሉ ከራሱ ትንሽ ይጥላል። ዓሣው ከቅርፊቱ፣ እንቁራሪቷ ከቆዳዋ፣ ተክሉ ከሥሩና ከቅጠሉ። በዓይን አይታይም። ግን ዲኤንኤው እዚህች ወረቀት ላይ ይቀርልኛል። አዲስ አበባ ወስጄ ማሽን ውስጥ ሳስገባው እዚህ ማን እንደነበረ አውቃለሁ።»

ክው አልኩ። ዙሪያዬን አየሁ። «እኔ ትናንት እዚህ ታጥቤያለሁ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እንግዲያው አንተም አለህበት።»

«የዋሸሁትስ ይታያል?»

«እሱን ከውሃው በፊት አፍህ ነገረኝ። ደግሞ ወላሂን ተው፤ ለትልቅ ነገር ስትፈልገው አልቆ ታገኘዋለህ።»

ሲሃም የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነበር። የምትፈልገው ዘንዶ ሳይሆን እምቦጭ ነው፤ ያ ሐይቅ የሚሸፍነው፣ ውሃ የሚያደርቀው አረም። ሰው አይቶት «ኧረ ጉድ» ከማለቱ በፊት፣ ገና የመዳፍ ያህል ሳለ፣ ውሃውን ጠይቆ ማወቅ ይቻላል ነው የምትለው። ተክሉ ምን እንደሚመስል በእጇ እየሠራች አስረዳችኝ። ቅጠሉ እንዲህ ክብ፣ አገዳው እንዲህ ያበጠ... እኔ ያየሁት ግን እጇን ነው። ቅጠሉን አላየሁትም።

ሦስት ቀን ቆየች። እኔም ሦስት ቀን ጠርሙስ ተሸከምኩላት።

በሦስተኛው ቀን ፀሐይዋ ከሰማይ ወርዳ ኩሬው ዳር የተቀመጠች ይመስል ነበር። ስምንቱን ጠርሙሶች ከስምንት ቦታ ሞላን። ዘጠነኛዋ ከአዲስ አበባ ሞልታ የመጣች ናት፤ ክዳኗ ላይ ዜሮ ተጽፎባታል።

«ይህችን ለብቻዋ ያዝልኝ» አለችኝ። «ከሌሎቹ ጋር እንዳታቀላቅላት።»

የሚጠጣ ውሃዋ መሰለኝ። ምን ላድርግ? ከአዲስ አበባ የመጣች፣ ጥርት ያለች፣ ለብቻዋ የምትያዝ... እሷ እንጀራ በሽሮ እንድገዛ ወደ ከተማ ላከችኝ። መንገድ ላይ ጉሮሮዬ ተጣበቀ። ጠጣኋት። እስከ ታች።

እንግዲህ በእኛ በይፋት ቆላ አንድ ሕግ አለ። አባቶቻችን ግመል ሲነዱ ያወጡት ነው። ጠምቶህ የሰው ውሃ ብትጠጣ ማንም አይጠይቅህም። ኮዳውን ባዶ ከመለስክ ግን ሰው አይደለህም፤ የጠጣኸውን ሞልተህ ትመልሳለህ። እኔ በሌላው ብዋሽ በዚህ አልቀልድም።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እትዬ ትርንጎ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላቸው። ምግቡን እዚያ አዘዝኩ። ቧንቧው ከተዘጋ አራተኛ ቀኑ ነበር። ጓሮ ስገባ ግን ያች የተቆረጠች በርሜል አለች፤ የጭነት መኪና ሾፌር ከሩቅ አምጥቶ የሰጣቸው አንድ ለምለም ቅጠል ተንሳፍፎባታል።

«አበባ ታወጣለች ብሎኛል» ይሉ ነበር እትዬ ትርንጎ፤ ከልጅ በላይ ይወዷታል። ከቅጠሉ ሥር ውሃው እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው። ቅጠሉን ገለል አድርጌ ጠርሙሷን ሞላሁ፣ ውጪዋን በሸሚዜ ወለወልኩ፣ ከነምግቡ ወስጄ ሰጠኋት።

ከሰዓት በኋላ ስምንቱን አጥልላ ስትጨርስ ዜሮዋን አነሳች።

«ይህች ደግሞ ምስክሬ ናት» አለች፤ እሷንም በዚያች ወረቀት አሳለፈቻት።

ልነግራት አፌ ድረስ መጣ። ከዚያ «አፉን አሳርፎባት ነበር እንዴ?» ብላ ስትጸየፈኝ ታየኝ። ዝም አልኩ። በሕይወቴ ዝም ያልኩባት ብቸኛ ቀን ያች ናት፤ እሷም አጠፋችኝ።

ሄደች። ስልኳን ሰጥታኝ ነበርና ከዐሱር ሶላት በኋላ በየቀኑ እደውላለሁ። የየዕለቱን ተረት እነግራታለሁ፤ ዘንዶው አግብቷል፣ ዘንዶው ቀበሌ መታወቂያ ጠይቋል... እሷ «ቀጥል» ትላለች። ያች «ቀጥል» የምትል ድምፅ ለእኔ ራት ነበረች።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ቀን፣ ራሷ ደወለች።

«ረድዋን፣ ዛሬ ተረት እንዳትነግረኝ።»

ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። «ምን ሆንሽ?»

«ዜሮ የተጻፈባት ጠርሙስ ትዝ ትልሃለች? እሷን ላብራቶሪ ውስጥ ነው የሞላኋት። ምንም የሌለባት የተጣራ ውሃ ናት። ከሌሎቹ ጋር ትጓዛለች፣ ትመለሳለች። እሷ ባዶ ሆና ከወጣች፣ የሌሎቹን ውሃ በእጄ አላቆሸሽኩም ማለት ነው። ምስክሬ ናት ያልኩህ ለዚህ ነው።»

«እ...»

«እምቦጭ ተገኘባት። ከኩሬው ስምንት ጠርሙስ ሰባቱ ንጹሕ፣ ሰባት ቁጥር ላይ ትንሽ ጭላንጭል። ባዶዋ ላይ ግን ሞልቶ ነው የተገኘው። አማካሪዬ ዶክተር ሞገስ ‹እጅሽ ቆሻሻ ነው፣ ዓመት ሙሉ የሰበሰብሽው ሁሉ አይታመንም› አሉኝ። ከሰኞ በፊት ምክንያቱን ካላቀረብኩ ጥናቴ ይሰረዛል። ትምህርቱም አበቃ፤ ወደ አባቴ ቤት ነኝ።»

ቦይ ዳር ነበርኩ፤ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ሲሃም... እጅሽ አይደለም። ጠርሙሷን ጠጥቻታለሁ።»

«ምን አልክ?»

«ጠማኝ። ጠጣኋት። ባዶውን መመለስ ነውር ነውና ከእትዬ ትርንጎ በርሜል ሞላኋት። ወላሂ።»

«ያንን ቃል በዘንዶው ላይ ጨርሰኸዋል።»

«ሲሃም...»

«ለእኔ ብለህ እንደምትዋሽ አውቃለሁ፤ ልብህን አላጣሁትም። ግን ዛሬ ተረት አትንገረኝ ብዬህ ነበር። ዶክተር ሞገስን ‹አንድ ሰው ጠጥቶት ነው› ልበላቸው? እምቦጭ በሌለበት አገር፣ እምቦጭ በርሜል ውስጥ ከየት ገባ?»

ዘጋችው። መልሼ ብደውል አታነሳም።

ሮጥኩ። እትዬ ትርንጎ ጓሮ ስገባ እሳቸው በርሜሏ አጠገብ ቆመው ፈገግ ብለዋል።

«መጣህልኝ? ዛሬ ጠዋት ፈነዳች። ና እያት።»

አየኋት። ወይን ጠጅ አበባ፣ መሐሉ ላይ የቢጫ ነጠብጣብ። በርሜሏ በቅጠል ተሞልታ ጠርዟን አልፋለች። አንዱን አገዳ ያዝኩት፤ ፊኛ ይመስል አብጧል። ያኔ የሲሃም እጆች መጡብኝ። ቅጠሉ እንዲህ ክብ፣ አገዳው እንዲህ ያበጠ... አንድ ወር ዘግይቼ አየሁት።

ዓይኔ ከበርሜሏ ወደ መሬቱ ወረደ። ሲሃም ከመምጣቷ በፊት የበልጉ ዝናብ አንዴ ጥሎ ነበር፤ በርሜሏ ሞልታ ስትፈስ ውሃው ቦይ ይገባል። ያንን ቦይ የምከፍተው እኔ ነኝ። የሚወርደው ወደ ኩሬው ነው። የሚገባው ደግሞ... ሰባት ቁጥር ጠርሙስ በተሞላችበት አፍ ላይ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ አመድ መሰለ?»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ወጣሁ።

ጋሽ ሷሊሕ ማንጎ ዛፋቸው ሥር የውሃ ተራ ሲያከራክሩ አገኘኋቸው።

«ጋሽ ሷሊሕ፣ ምስክር ይሁኑኝ።»

«አንተ በተናገርከው ነገር ላይ?» ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

«አዎ።»

«እኔ ባላየሁት አልመሰክርም።»

«ላሳይዎት ነው የመጣሁት።»

ትንሽ አዩኝ። ዘንዶም ወላሂም ሳልጨምር የተናገርኩበትን ቀን ስለማያስታውሱ ይመስለኛል፣ በትራቸውን አንስተው ተከተሉኝ። በርሜሏን አሳየኋቸው። ቦዩን ይዘን ወረድን። ኩሬው አፍ ላይ ደንገል በቅሎበታል፣ ከዳር ምንም አይታይም። እስከ ወገቤ ገባሁ። በእጄ እየዳበስኩ ደንገሉን ገለጥኩ። አንዷን አገኘሁ፤ ከመዳፌ አትበልጥም። ከጎኗ ሌላ። ከዚያ ሦስተኛ። አገዳቸው አብጧል።

ጋሽ ሷሊሕ በተፈጥሯቸው የማይደነግጡ ሰው ናቸው። አንዴ ጅብ ቤታቸው ገብቶ «ቤት ተሳስተሃል» ብለው አስወጥተውታል ይባላል። (ያልኩት እኔ ነኝ።) ያን ቀን ግን በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«ይህ ነው እንዴ ሐይቅ የሚበላው?»

«እሱ ነው።»

«አሁን ባናየው?»

«ክረምት ሲወጣ ኩሬ አይኖረንም ነበር።»

በእሳቸው ስልክ ደወልኩ፤ የእኔን አታነሳም። እሳቸው ስልኩን ገልብጠው ያዙት፣ አስተካከልኩላቸው።

«ልጄ፣ ሷሊሕ ነኝ፣ የውሃው አባት። በርሜሉንም አይቻለሁ፣ ኩሬው አፍ ላይም ሦስት ቡቃያ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህ ልጅ ዛሬ እውነት ተናግሯል። ቀኑን ጻፊው፤ እኔም ላስጽፈው ነው።»

ስልኩን ሰጡኝ። ትንፋሽዋ ይሰማኛል።

«ረድዋን።»

«አቤት።»

«የዓመት ሥራዬን ጠጣኸው።»

«አዎ።»

«ጣዕሟ እንዴት ነበር?»

«ምንም ጣዕም አልነበራትም።»

«ምንም እንዳይኖርባት ነበር የደከምኩት» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ይቅር ልትለኝ ወይ ልትሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

ሰኞ ዶክተር ሞገስ ራሳቸው መጡ። ጠርሙስ ሁሉ በእጃቸው ነበር። ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ የተናገሩት፣ «ጠጪው የቱ ነው? ምንም እንዳይሸከም» የሚል ነው። በርሜሏን ቀዱ፣ ቦዩን ቀዱ፣ የኩሬውን አፍ ቀዱ። ሲሃም አብራቸው ነበረች፤ ወደ እኔ አልዞረችም። እኔም አልቀረብኳት፤ ሩቅ ቆሜ ቀረሁ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። በሦስቱም ቦታ እምቦጭ። የጠርሙሷ ነገር ተፈታ። የሰባት ቁጥሩ ጭላንጭል ደግሞ የእጅ ቆሻሻ አልነበረም፤ ደንገል ውስጥ የተደበቁትን ሦስት ቡቃያዎች ማንም ሰው ሳያያቸው ውሃው ነግሯት ነበር። ዶክተር ሞገስ «ጥናትሽ ትክክል ነው፣ ስለተጠራጠርኩሽ ይቅርታ» አሏት አሉ።

እኛም ሦስት ቀን ሙሉ ቦዩን ዘግተን፣ ኩሬውን ዳር እስከ ዳር ዳበስነው። ያገኘነውን ፀሐይ ላይ አድርቀን አቃጠልን። የበርሜሏም ተራ ደረሰ። እትዬ ትርንጎ አበባቸው ስትቃጠል ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆሙ።

«አንተ» አሉኝ፣ «በዕድሜህ አንዴ እውነት ብታወጣ የእኔን አበባ ልታቃጥል?»

«ሌላ አበባ አመጣለሁ፣ እትዬ።»

«ከመሬት የሚበቅል ይሁን።»

የአረሙን መቃጠል ልታይ ተመልሳ መጥታ የነበረችው ሲሃም፣ ልትሄድ ስትል ሻንጣዋን መኪናው ላይ ጭና ወደ እኔ መጣች። አንድ ጠርሙስ ይዛለች፤ ክዳኗ በፕላስተር ታሽጎ ፊርማዋ አርፎበታል። ከላይ ዜሮ ተጽፎባታል።

«ይህችን ጠብቅልኝ።»

«እስከ መቼ?»

«እስክጠይቅህ።»

«ሲሃም፣ ተቆጥተሽኛል?»

«ተቆጥቻለሁ» አለች። «ዝም ስላልክ ነው እንጂ ስለጠጣህ አይደለም። ያን ዕለት ብትነግረኝ እስቅ ነበር።» ገባች፣ በሩን ዘጋች።

ከዚያ ረመዳን ገባ። ሸዋሮቢት ላይ በሰኔ መጾም ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ጥላ ራሱ ጥላ ፈልጎ ይሄዳል። እኔ ደግሞ ያችን ጠርሙስ አልጋዬ ራስጌ አስቀምጫታለሁ። ጠርሙሷ ታየኛለች፣ አያታለሁ። ሰላሳ ቀን ተያየን። ሰው ቤት መጥቶ «ያች ውሃ ምንድን ናት?» ሲል አንድም ተረት አልፈጠርኩባትም። «የሰው አደራ ናት» እላለሁ። ሰዉ ደነገጠ። ረድዋን ታመመ ተብሎ ወሬ ተነዛ።

በየሳምንቱ መደወል ጀመረች። «አለች?» ትላለች። «አለች።» «ቀጥል» ትላለች። ያችን ቃል መልሼ ስሰማት ልቤ አንዴ ወደቀ፣ አንዴ ተነሳ።

ከዒድ በኋላ ጋሽ ሷሊሕና ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ አሊዩ አምባ ወጣሁ። አባቷ ቁመተ ረጅም፣ ቃለ አጭር ሰው ናቸው።

«ስለ ልጁ የሰማሁት አለ» አሉ ሽማግሌዎቹን። «ዘንዶ አህያ ከነሽንኩርቷ ዋጠ ብሏል?»

ጋሽ ሷሊሕ አይዋሹም። «ብሏል» አሉ።

አበቃልኝ ብዬ በሩን ማየት ጀመርኩ።

«ግን» አሉ ጋሽ ሷሊሕ፣ «የስልሳ አባወራ ውሃ ያተረፈው ያው አፍ ነው። ሁለቱንም አይቻለሁ።»

አባቷ ጢማቸውን ዳሰሱ። «እንግዲህ መህሯን ራሷ ትናገር» አሉ። በእኛ ሙሽራዋ ናት መህሯን የምትቆርጠው፤ ወርቅ ትል፣ ግመል ትል፣ የእሷ ቃል ነው። እኔ በልቤ ያሉኝን ፍየሎች ቆጠርኩ፤ ሁለት ናቸው።

ሲሃም ከጓዳ ብቅ አለች።

«ጠርሙሴን ይመልስልኝ» አለች።

ሁሉም ተያዩ። አባቷ «ምን?» አሉ። እኔ ከኮቴ ውስጥ አውጥቼ ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኳት። ፕላስተሩም ፊርማውም እንዳለ ነው። አነሳቻት፣ ወደ ብርሃኑ ያዘቻት፣ ውሃውን በዓይኗ ለካችው።

«ፕላስተር ይላጣል፣ ይለጠፋል» አለች። «መልሱን ውሃው ይናገራል። አምስት ቀን ስጡኝ።»

አባቷ ያን ጊዜ ነው የደነገጡት። «እኔ ሳገባ እንዲህ አልተመረመርኩም» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እነዚያን አምስት ቀናት አልበላሁም ብል ውሸት ነው፤ በላሁ፣ ግን ጣዕሙን አላውቀውም። ሰው ሠርቶት የማያውቀውንም ይፈራል። ምናልባት በእንቅልፌ ከፍቻት ይሆን? ምናልባት ጠርሙሷ ራሷ ተነፈሰች ይሆን?

በአምስተኛው ቀን ቦይ እየከፈትኩ ሳለ ደወለች።

«ረድዋን።»

«አቤት።»

«ምንም የለም።»

አካፋውን ለቀቅሁት። «ምንም?»

«ምንም። ባዶ ናት። እንደሰጠሁህ ነች።»

በሕይወቴ ብዙ ነገር ሞልቶ አይቻለሁ፤ ያች «ባዶ» የምትል ቃል የሞላችኝን ያህል ግን ምንም ሞልቶኝ አያውቅም። እዚያው ቦዩ ዳር፣ ያን ቀን በተቀመጥኩባት ጭቃ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው አምልጦ የሌላ ሰው እርሻ ገባ። ጋሽ ሷሊሕ ከሩቅ ጮኹብኝ፤ ምክንያቱን ስነግራቸው ራሳቸው አካፋውን አነሱ።

ኒካሑ በነሐሴ ታሰረ። ዶክተር ሞገስ መጥተው፣ ብርጭቆ ሲቀርብልኝ «ቀስ፣ የማን ውሃ እንደሆነ ጠይቅ» አሉ። እትዬ ትርንጎ በርሜሏን አፈር ሞልተው የተከሉትን ጽጌረዳ ቆርጠው ለሲሃም አመጡላት። ሲሃም ተቀበለቻቸውና ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ዘንዶውን አልጠራኸውም?»

«ጠርቼው ነበር» አልኳት። «ወጡ ሽንኩርት አለበት ሲሉት ቀረ።»

ወላሂ አላልኩም። ሳቀች። «ቀጥል» አለችኝ።